በክፉ ቀን የሚከፈት መዝገብ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሄሉ፣ ሞያሌ፣ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በኮሮና ጊዜ የእርዳታ ኮሚቴው አባል ስለነበርኩ «ስለዚያ ዘመን አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ የተጠየቅሁትን ትንሽ አስፍቼ መጥቻለሁ። ርዕሴ በመሬታቸው ውስጥ ሀብት ያላቸው ድሃ አገሮች በሽታና ችግር አንድ ላይ ሲመጣባቸው መዝገባቸውን ለሕዝባቸው መክፈት አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚል ነው። እንደምታውቁኝ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ሱቅ የገባሁ ሰው ነኝ። የምሁር ትንታኔ ከእኔ አትጠብቁ። ሆኖም የገቢና የወጪ መዝገብ ይዤ ኖሬአለሁ፤ መዝገብ ሲደበቅና ሲከፈት በሰዎች መካከል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። እዚህ የምንኖረው በፈረንጁ አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቶቹን በዚያው እጠራለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በመጀመሪያ ግልጽነት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በሱቅ ቋንቋ ላስረዳ። ከናይሮቢ አንድ ጅምላ ነጋዴ ዕቃ ይልክልኛል። እርሱ የላከውን በእርሱ ደብተር ይጽፋል፤ እኔም የተቀበልኩትን በእኔ ደብተር እጽፋለሁ። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ደብተሮች እናስተያያለን። እርሱ ሃምሳ ካርቶን ሳሙና ልኬአለሁ ካለና እኔ አርባ ስምንት ተቀብያለሁ ካልኩ፣ ሁለቱን ካርቶን ወይ ሹፌሩ ያውቃቸዋል ወይ መንገዱ ያውቃቸዋል። ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ግን ሁለቱ ካርቶን መጥፋታቸውን የሚያውቅ የለም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ይህንን የሱቅ አሠራር ለማዕድንና ለነዳጅ ዘይት የወሰደ አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ። በአማርኛ የማዕድን ዘርፍ ግልጽነት ኢኒሼቲቭ ይባላል። ሐሳቡን በ2002 በጆሃንስበርግ በተደረገው ትልቅ ጉባኤ ጊዜ ይፋ ያደረጉት የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ነበሩ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ይገኛል። አሠራሩ የሚከተለው ነው። የማዕድን ኩባንያዎች ለመንግሥት ይህን ያህል ከፈልን ብለው ያስታውቃሉ። መንግሥትም ከእነርሱ ይህን ያህል ተቀበልኩ ብሎ ያስታውቃል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ሁለቱን ያስተያይና ልዩነቱን ጽፎ ለሕዝብ ያወጣል። ሥራውን የሚመራው ጉባኤ ደግሞ ከመንግሥት፣ ከኩባንያዎችና ከሕዝባዊ ማኅበራት የተውጣጣ ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲያይ ማለት ነው።

አገራችን ኢትዮጵያ ወደዚህ ማኅበር ለመግባት ያደረገችው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ማኅበራቱን ስላሰራቸው፣ «በጉባኤው ላይ የሚቀመጡት የሕዝብ ማኅበራት በነጻነት ሊናገሩ ይችላሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ በ2010 ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። በመጋቢት 2014 ግን እጩ አባል ሆና ገባች። ያ አዋጅ ራሱ በ2019 በሌላ አዋጅ ተተካ። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ደብተር ማሳየት ብቻውን አይበቃም፣ ደብተሩን አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ሰው አፉ ያልተያዘ መሆን አለበት።

ወደ ወርቁ ልምጣ። እኛ ሞያሌዎች ወርቅ የሚባለውን ነገር ከሩቅ የምንሰማው አይደለም። ከዚህ ወደ ሰሜን በቡሌ ሆራ አድርጎ ወደ ሻኪሶና ወደ ክብረ መንግሥት የሚሄደውን መንገድ ከመካከላችን ያልሄደበት ጥቂት ነው። ወርቅ ደግሞ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ጤፍ በኪስ አይገባም፤ ወርቅ በኪስ ይገባል። በጉምሩክ ፊት የአንድ ቤተሰብ ሀብት የአንድ ሰው ካልሲ ውስጥ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

እስቲ ቁጥሩን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ በ2011/12 የበጀት ዓመት ከወርቅ ወጪ ንግድ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። በ2018/19 ይኸው ገቢ ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። በ2020/21 እንደገና ወደ 670 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ከዚያም ብር በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ፣ በ2024/25 ገቢው ከ3 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ሄደ።

አንድ ሱቅ እንዲህ ዓይነት ደብተር ቢያሳየኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ባለፈው ጊዜ ዕቃው የት ነበር?» የሚል ነው። በእርግጥ የዓለም ዋጋ ጨምሯል፤ በነሐሴ 2020 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ በኋላም ከዚያ እጅግ ርቆ ሄዷል። በ2018 ደግሞ ትልቁ የለገደንቢ ማዕድን ተዘግቶ ነበር፤ ስለ እርሱ እመለስበታለሁ። ይሁንና ሁሉንም ነገር ዋጋውና የአንድ ማዕድን መዘጋት አያስረዱም። ወርቁን በባሕላዊ መንገድ በአካፋና በገበቴ የሚያወጣው ሰው ለብሔራዊ ባንክ ሲሸጥ በባንኩ ምንዛሪ ይከፈለዋል፤ በስውር ለሚገዛው ሲሸጥ በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ይከፈለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ወርቁ ወደ ድንበር ይሄዳል። ባንኩ ከዓለም ዋጋ በላይ ጭማሪ መክፈል በጀመረ ጊዜ ወርቁ ወደ ባንክ ተመለሰ፤ ምንዛሪው ሲቀራረብ ደግሞ ከዚያ በላይ ተመለሰ። ይህንን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የብርና የሽልንግ ምንዛሪ በተለያየ ቁጥር ጠዋት በሞያሌ ላይና ታች ሲሰማ ዕቃው የት እንደሚያድር በሱቃችን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህን የማነሣው ኮንትሮባንዲስቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ያንን ቢያደርግ ለመስማት የሚከብድ አይመስለኝም። የማነሣው ስለ መዝገቡ ነው። በመንግሥት መዝገብ ያልገባ ወርቅ ቀረጥ አይከፍልም፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ወርቁን በሚያወጣው መንደር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለምን እንዳልተሠራ ሲጠየቅ «ወርቁ አልወጣም» ተብሎ ይመለሳል። መውጣቱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል።

አሁን ወደ ለገደንቢ። ይህን ጉዳይ ረዘም አድርጌ ብናገረው ታገሡኝ፤ ምክንያቱም በሽታና ግልጽነት አንድ ላይ የተገናኙበት ቦታ እርሱ ነው።

ለገደንቢ በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማዕድኑን ቀድሞ መንግሥት ያንቀሳቅሰው ነበር። በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ፤ ፈቃዱም ለሃያ ዓመት ነበር። ከድንጋይ ውስጥ ወርቁን ለመለየት ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይጠቀማሉ። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ አሠራር ነው፤ መርዙ በሚገባ ከተያዘ ይሠራበታል፣ ካልተያዘ ወደ ወንዝ ይገባል። የአካባቢው ነዋሪዎች ለብዙ ዓመታት ስለ ውሃው፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ፅንስ መጨንገፍና ጉዳት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት አቤት ሲሉ ቆዩ። ኩባንያው በበኩሉ በካይ አይደለሁም ብሎ አስተባበለ።

በ2018 የኩባንያው ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመት ታደሰ ሲባል ሕዝቡ ወጣ። ወጣቶች መንገድ ዘጉ፤ ሰልፉ ከሻኪሶ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። በግንቦት 2018 መንግሥት ጥናት እስኪደረግ ድረስ ፈቃዱን አገደ። በወቅቱ ብዙዎቻችን «በመጨረሻ የሚሰማ መንግሥት ተገኘ» ብለን ነበር፤ እኔም እስካሁን የእገዳው ውሳኔ መልካም ነበር እላለሁ።

ጥናቱ ተደረገ። ውሃውና አፈሩ ተወሰደ፤ ሰዎችም ተመረመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ዘገባ እንዳለው፣ መንግሥት ያስጠናቸው ጥናቶች ውጤት ለነዋሪው በሚገባ ይፋ አልሆነም። ማዕድኑ ግን በ2021 እንደገና ሥራ ጀመረ።

እስቲ አንድ እናት በዚያ መንደር አለች እንበል። ልጅዋን በዚያ ወንዝ ውሃ ታጥባለች፤ ከዚያው ትቀዳለች። ውሃው ተመርምሯል። ውጤቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ስጋቷ ሊወርድላት ሲገባ ወረቀቱ አልደረሳትም። ውሃው መርዝ ካለበት ደግሞ ሌላ ውሃ ልትፈልግ ሲገባ ወረቀቱ አልደረሳትም። በሁለቱም በኩል የተጎዳችው እርሷ ናት። በወርቁ ሰበብ ምሥጢር የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ፣ የሰው የመጠጥ ውሃ ምርመራ በምን ሥሌት ምሥጢር ይሆናል? አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን የደበቀው ታማሚው አይደለም።

ደግሞም ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እዚህ በኬንያም በ2016 እንዲሁ ያለ ሕግ ወጥቷል። ወረቀት ተጽፎ ያለበትን መሳቢያ የሚከፍት ሰው ነው የጠፋው።

እንግዲህ ወደ 2020 እንግባ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያም በኬንያም በመጋቢት 13 ቀን ይፋ ሆነ፤ በአንድ ቀን። ከአሥር ቀን በኋላ ኢትዮጵያ የየብስ ድንበሯን ዘጋች። ያን ጊዜ ሞያሌ ምን እንደነበረች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከላይ በኩል የሚመጣው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ቆመ፤ ከሞምባሳና ከናይሮቢ የሚመጣው የጭነት መኪና ሹፌሩ ምርመራ እስኪጠብቅ ተሰለፈ። ዘመድ ለመጠየቅ በአንድ ቀን ሐሳብ የተሻገሩ ሰዎች ለወራት ቀሩ። ያ ዘመን የአዲሱ የጋራ ኬላ ሕንፃ የሚመረቅበት ዓመት መሆኑ ለእኔ እስካሁን ይገርመኛል፤ በታኅሣሥ 2020 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መጥተው መረቁት።

በዚያው ጊዜ በዓለም ላይ ምን ሆነ? ሚያዝያ 20 ቀን 2020 በአሜሪካ ገበያ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ከዜሮ በታች ወረደ። ሻጩ ለገዢው «ውሰድልኝና ልክፈልህ» አለ ማለት ነው። በሱቅ ሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እንደ ናይጄሪያና አንጎላ ያሉ በጀታቸው በእጅጉ በዘይት ላይ የተደገፈ አገሮች ለሆስፒታል የሚሆን ገንዘብ በሚፈልጉበት ወር ገቢያቸው ደረቀ። ቻድ ደግሞ ገና ያልወጣውን ዘይቷን በመያዣ ሰጥታ ከአንድ የዘይት ነጋዴ ድርጅት ብዙ ገንዘብ ቀደም ብላ ተበድራ ነበር፤ ዘይቱ ሲረክስ ዕዳው በላያቸው ላይ ተኛ። ልጄ ገና ያልደረሰውን በቆሎ በዱቤ ሸጬ የተበደርኩ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ውል ቀድሞ በአደባባይ ቢነበብ ኖሮ ማን ይፈርመው እንደነበር አላውቅም። ወርቅ ያላት አገር ግን ተቃራኒው ሆነላት፤ ሰው ሲፈራ ወርቅ ይገዛልና።

ኦስሎ ያለው ማኅበርም በዚያው ዓመት አንድ ውሳኔ አሳለፈ። አገሮች በሽታው ስለያዛቸው ሪፖርታቸውን እንደ ወትሮው በጥብቅ አሠራር ሳይሆን ቀለል አድርገው፣ የቀነ ገደቡንም አራዝመው እንዲያቀርቡ ፈቀደ። አሮጌ ሒሳብ ከማስተያየት ይልቅ የዚያን ጊዜውን ገቢና የወደፊቱን ሥጋት እንዲያሳውቁም አበረታታ። እኔ ይህን በሁለት ዓይን ነው የማየው። በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ ሐኪሙ ቤት ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ የሒሳብ መርማሪ ከየት ይመጣል? የሦስት ዓመት አሮጌ ሒሳብ ከመጠበቅም የዛሬው ይሻላል። በሌላ በኩል ግን ደብተር በክፉ ቀን መላላት ከጀመረ ክፉው ቀን ካለፈ በኋላም ላልቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ገንዘብ በጥድፊያ የሚወጣው በክፉ ቀን ነው፤ ጨረታ የሚቀረው በክፉ ቀን ነው፤ «አሁን ጥያቄ የምትጠይቅበት ጊዜ ነው ወይ?» የሚባለውም በክፉ ቀን ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የምንኖርባት ኬንያ የሕክምና ዕቃዎች የሚገዛላት ባለሥልጣን ኬምሳ ይባላል። በ2020 ለኮሮና ጭምብልና መከላከያ ልብስ ሲገዛ ያለ ውድድርና ከገበያ ዋጋ በላይ መግዛቱ በዚያው ዓመት ነሐሴ በቴሌቪዥን ወጣ፤ «የኮቪድ ሚሊየነሮች» የተባለው ማለት ነው። ዋና ኦዲተሯ ባደረጉት ልዩ ምርመራ 7.8 ቢሊዮን ሽልንግ ሥርዓት ባልጠበቀ መንገድ መውጣቱን ጻፉ። ፕሬዚዳንቱም በነሐሴ መጨረሻ የጤና ሚኒስቴር ውሎቹን ሁሉ ለሕዝብ በግልጽ የሚያወጣበት መንገድ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያዘጋጅ አዘዙ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚያው ዓመት ለኬንያ 739 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኢትዮጵያ 411 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆ ነበርና ጥያቄው የእኛ ሰፈር ብቻ አልነበረም።

ስለ ኬንያው ነገር አንድ መልካም ነገር ልናገር። ገንዘቡ ጠፋ፤ ነገር ግን መጥፋቱ ታወቀ። ጋዜጠኛ ጻፈ፣ ኦዲተር መረመረች፣ ምክር ቤት ጠየቀ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ሰው እዚህም ሞልቷል። ቢሆንም የት እንደጠፋ የሚታወቅ ገንዘብና የት እንደጠፋ የማይታወቅ ገንዘብ ለእኔ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ልትከስስበት ትችላለህ።

ወርቁ ደግሞ አሁን እዚሁ ደጃችን መጥቷል። በዚሁ በሞያሌ ንዑስ አውራጃ ዳበል አጠገብ ሂሎ በሚባለው ቦታ ወርቅ ተገኘ ሲባል ከየአቅጣጫው በሺህ የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። ከመካከላችን የሄደም አለ፤ ምግብና ባትሪ የሸጠላቸውም አለ። ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ በመጋቢት 2024 መንግሥት ቦታውን ዘጋ። ከተዘጋ በኋላም በዚያው ዓመት ጉድጓድ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ። የኬንያ የማዕድን ሕግ ከማዕድን ከሚገኘው የመንግሥት ድርሻ 70 በመቶው ለማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 በመቶው ለአውራጃው፣ 10 በመቶው ማዕድኑ ለሚወጣበት ሕዝብ እንዲሆን በ2016 ደንግጓል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ከሂሎ በሌሊት በሞተር ብስክሌት የወጣው ወርቅ 10 በመቶው ስንት ይሆናል? ማንም መልስ የለውም። ያልተመዘነ ነገር አይከፋፈልም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ይህን ሁሉ ስናገር «መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኛስ?» የሚል በመካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

ድንበሩ በተዘጋ ጊዜ ማኅበራችን የእርዳታ ሣጥን አቋቋመ። ናይሮቢ ያሉ ልጆቻችን በኤም-ፔሳ ላኩ፤ ሱቆች ዱቄትና ዘይት ሰጡ፤ እናቶች ሽሮና በርበሬ አዋጡ። መንገድ ላይ ለቀሩ፣ ሥራ ላጡ፣ ለታመሙም ተከፋፈለ። በዚያው ሰሞን ከውጭ የመጣ አንድ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ በሰፈራችን ሳሙናና ዱቄት አደለ። የተቀባዮቹን ዝርዝርም ሆነ ስንት ከረጢት እንደመጣ ለማንም አላሳየም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጎሣ «ለእነርሱ ብቻ ተሰጠ» አለ፤ ሌላው «ለእነዚያ» አለ። ምናልባት እኩል ተሰጥቶ ይሆናል። ግን ዝርዝሩ ስላልታየ እኩልነቱም አልታየም። በሞያሌ እንዲህ ያለ ወሬ ወዴት እንደሚያመራ ከ2013ቱ ግጭት ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ ቤት ያቃጥላል።

የእኛ ኮሚቴ ውስጥ ያኔ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «የሰጪውም የተቀባዩም ስም በማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ» አሉ። ሌሎቹ፣ በተለይም አንዲት ታላቅ እህታችን፣ «የተራበ ሰው ስም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ነገ ሌላ የተራበ ሰው አይመጣም፤ በቤቱ ይሞታል» አሉ። እርሳቸው ያሉት እውነት ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው የገባው ገንዘብና ዕቃ በሙሉ፣ የወጣውም በሙሉ በመጠኑ እንዲለጠፍ፤ የተቀባዮቹ ስም ግን በታሸገ መዝገብ ሆኖ ከኮሚቴው ውጭ የተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ እንዲያዩት ነበር። ሽማግሌዎቹም አይተው «ልክ ነው» ብለው ፈረሙበት።

ይህን የምተርከው ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። ስለ ለገደንቢም የሚሠራ ይመስለኛል። የታመመው ሰው ስምና ምርመራው የራሱ ነው፤ ማንም እንዲያየው አያስፈልግም። የውሃው ምርመራ፣ የኩባንያው ክፍያና የውሉ ወረቀት ግን የሁሉ ነው። አንዳንድ ባለሥልጣን የመጀመሪያውን ምክንያት አድርጎ ሁለተኛውን ሲደብቅ ይታያል፤ «የሰው ሚስጥር አለበት» ይላል። የሰውየውን ስም አጥፍተህ ቁጥሩን አሳየን ነው መልሱ። በቋንቋቸውም ይሁን፤ ለጉጂ ነዋሪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት በኢንተርኔት ላይ ማውጣት ማሳየት አይባልም።

ነገር ግን፣ ይህን መናገር አለብኝ፣ ኮሮናው ካለፈ ወዲህ ግድግዳችን ባዶ ነው። የእድሩ መዋጮ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሒሳብ ሹማችን ታማኝ ሰው መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነበሩ። ታማኝነታቸው ግን እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ወደ ቤት የሚሄድ ነገር ነው፤ ደብተሩ ግን ይቀራል። አሁን ማኅበራችን ለመሬቱ ሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሊሰበስብ አስቧል። ከኢትዮጵያ ወገን ያሉ ዘመዶቻችንም፣ በባሕር ማዶ ያሉትም ይልካሉ ተብሏል። በእኔ አስተያየት የሚላከው ገንዘብ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይወሰን። የገባውና የወጣው በየሦስት ወሩ በአማርኛና በስዋሂሊ በማኅበሩ ቤት ደጃፍ ይለጠፍ። ግንባታውን የሚወስደው ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ለአባላት ይነበብ። ደብተሩን ደግሞ ከኮሚቴው ያልሆኑ፣ በየዓመቱ የሚለዋወጡ ሰዎች ያስተያዩት። ሴቶች ከእነዚህ መካከል ግማሹን ቢይዙ እኔ ደስ ይለኛል፤ በኮሮና ጊዜ የገንዘቡን መጉደል መጀመሪያ ያዩት እነርሱ ነበሩና፣ የዘይቱ ካርቶን ልክ አለመሆኑን የነገሩን ሱቅ ያለን ወንዶች አይደለንም።

ይህ ሐሳብ በዛሬው ስብሰባ እንዲወሰን አላስቸኩልም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲገባ በጽሑፍ ለሊቀመንበሩ ሰጥቻለሁ። ያለፈው የኮሮና ጊዜ መዝገብ ደግሞ፣ የታሸገው ሳይሆን የገቢና የወጪው፣ ዛሬ በሒሳብ ሹማችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ማየት የሚፈልግ ከቡና በኋላ ወደ እርሳቸው ጎራ ይበል፤ መነጽራቸውን ይዘው መጥተዋል።